ክረምት ላይ ልጁ የማን ነው?

ልጄ፣

በልጅሽ ትምህርት ቤት የወላጆች ተወካይ ሆነሽ መመረጥሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ደመወዝ የሌለው ሹመት ነው፤ ወንበሩም አብዛኛውን ጊዜ የካፍቴሪያ አግዳሚ ነው። ቢሆንም አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የምታውቂ፣ ሲጠሩሽ የምትመጪ ሰው በማግኘታቸው ወላጆቹ ታድለዋል። «ከምን ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አንቺ ሳን ሆዜ፣ እኔ ኦክላንድ ብንሆንም የሐበሻ ወላጅ ጭንቀት በሁለቱም ከተማ አንድ ነውና ያየሁትን ልንገርሽ።

ከዓመቱ መጨረሻ ጀምሪ። ለስብሰባው፣ ለገንዘብ ማሰባሰቢያው፣ ለምግብ ቀኑ ሌላም ሰው ይገኛል። ባለቤት የሌለው ጊዜ ከግንቦት ማለቂያ እስከ እንቁጣጣሽ ያለው ነው። በዚያ ጊዜ አምስተኛን የጨረሰው ወደ ሚድል ስኩል፣ ስምንተኛን የጨረሰው ወደ ሃይስኩል፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ወደ ኮሌጅ ይሄዳል። ኪራይ የከበደው ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ አንቲዮክ፣ ወደ ትሬሲ ወይም ወደ ሳክራሜንቶ ይወጣል። መምህር ይለቃል፣ ርእሰ መምህር ይቀየራል፣ አንዳንዴ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይዘጋል። የቀድሞው ትምህርት ቤት «ሸኝቻለሁ» ይላል፤ አዲሱ «ገና አልተቀበልኩም» ይላል። ልጁ በመካከል የማንም ሳይሆን ይከርማል። የአንቺ ሥራ በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ የሚጠይቀው ሰው እንዲኖረው ማድረግ ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

እዚሁ ኦክላንድ፣ ሚልስ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር የነበረ ዊልያም ብሪጅስ የሚባል ሰው ነበር። ማስተማሩን ትቶ፣ ሰው የሕይወት ለውጥ ሲገጥመው እንዴት እንደሚሻገረው ሲመረምር ኖረ፤ በ1980 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ።) ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለውጡ በአንድ ቀን ይሆናል፣ ሰው ግን በአንድ ቀን አይሻገርም። መጀመሪያ የነበረው ነገር ማብቃቱን መቀበል አለበት። ቀጥሎ የድሮው የሌለበት፣ አዲሱም ያልተለመደበት ግራ የሚያጋባ ጊዜ ይመጣል። አዲሱ ጅምር የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሚልስ ኮሌጅ ራሱም ይኸው ዕጣ ደረሰው፤ በ1852 የተመሠረተው ኮሌጅ በ2022 ክረምት ራሱን ችሎ መቆሙ አብቅቶ ከቦስተኑ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሃደ።

የእኛ ሰው ይህን የሚያውቀው ከለቅሶ ቤት ነው። ቀብር አንድ ቀን ነው፤ እድርተኛው ግን ከቀብር መልስ አይበተንም። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛው መቼ ብቻውን እንደሚከብደው አባቶች አስቀድመው አይተው፣ ሰው የሚመጣበትን ቀን ቆጥረው ሰጥተውናል። ለልጆቻችን ግን ይህን ጥበብ አናውለውም። በምረቃው ቀን አበባ ይዘን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ኬክ ቆርሰን እንለያያለን፤ በማግስቱ ልጁ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። እኔ የምልሽ፣ ለቅሶ ላይ የምናውቀውን ቀን መቁጠር ትምህርት ቤት ላይ አምጪው ነው።

መጨረሻው በወጉ ያልተያዘ ለውጥ ምን እንደሚያመጣ ኦክላንድ አሳይታናለች። የኦክላንድ ትምህርት ዲስትሪክት በ2003 ካዝናው ባዶ ሆኖ ከካሊፎርኒያ መንግሥት የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደለት፤ አስተዳደሩም በመንግሥት እጅ ገባ። የዕዳው የመጨረሻ ክፍያ የተፈጸመው በ2025 ነው። በእነዚህ ዓመታት ኪራዩ ወላጁን ከከተማ እየገፋ፣ ቻርተር ትምህርት ቤቶችም እየበዙ፣ የዲስትሪክቱ ተማሪ አነሰ፤ ዛሬ በራሱ በሚያስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች ያለው ተማሪ ወደ 34 ሺህ ገደማ ነው። በጃንዋሪ 2022 የሚዘጉ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ወጣ፤ ፌብሩዋሪ 8 ቀን የዲስትሪክቱ ቦርድ ድምፅ ሰጠ። አሥራ አንድ ያህል ትምህርት ቤቶች በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲዘጉ፣ እንዲዋሃዱ ወይም ክፍል እንዲቀንሱ ተወሰነ። በምሥራቅ ኦክላንድ ያለው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምር የነበረው ፓርከር ትምህርት ቤት የመዘጋት ተራው የደረሰው በዚያው ዓመት ሜይ ነው። ዝርዝሩ ከወጣ እስከ መጨረሻው ደወል አምስት ወር እንኳ አልሞላም። ወላጆችና የሰፈሩ ሰዎች «አንለቅም» ብለው ሕንፃው ውስጥ ተቀመጡ፤ ለልጆች የክረምት ፕሮግራም እያካሄዱ ለወራት ቆዩ።

በጃንዋሪ 2023 አዳዲስ አባላት የገቡበት ቦርድ፣ ሊዘጉ ከነበሩት ውስጥ የአምስቱን ውሳኔ ሻረ። ለፓርከር ግን አልደረሰም። በ2022 የወጣው ኤቢ 1912 የሚባለው ሕግም በገንዘብ ችግር የመንግሥት ብድር ውስጥ ያለ ዲስትሪክት ትምህርት ቤት ከመዝጋቱ በፊት ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚበረታ እንዲያጠናና ሕዝቡን እንዲያማክር ያስገድዳል። በዲሴምበር 2024 ግቢ የሚጋሩ አሥር ትምህርት ቤቶችን አዋህዶ አምስት ለማድረግ የቀረበው ሐሳብ ኦክላንድ ውስጥ ድምፅ አጥቶ ቀረ። በአንቺም በኩል፣ ምሥራቅ ሳን ሆዜ ያለው የአልም ሮክ ዲስትሪክት በ2024 መጨረሻ በርካታ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና እንዲዋሃዱ ወስኗል። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ እናንተም ደጅ ይመጣል ብለሽ ተዘጋጂ።

ስለ በጀቱ ማን ልክ ነበር የሚለውን ለሌላ ቀን ተይው። ከፓርከር የምትወስጂው ይህን ነው፦ ሰው «አትጨነቁ፣ የምትሄዱበት የተሻለ ነው» ሲባል አይጽናናም። የሚያጣውን ነገር ስሙን ጠርተሽ ንገሪው። ወሬ መናፈስ ሲጀምር ወላጆቹን ሰብስቢና ሦስት ጥያቄ ለርእሰ መምህሩ አቅርቢ፦ በትክክል የሚያበቃው ምንድን ነው? ሳይነካ የሚቀረው ምንድን ነው? እያንዳንዱን ልጅ የሚረከበው ማን ነው፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ? መልስ የሌለው ጥያቄ ካለ «መልስ አልተገኘም፣ እስከዚህ ቀን እንነግራችኋለን» ይባል። ዝምታ ከክፉ ዜና የባሰ ያስፈራል፤ የቴሌግራሙ ግሩፕ ደግሞ ዝምታውን በራሱ ወሬ ይሞላዋል። ቦርዱ ዓመታዊውን እቅድና በጀት የሚያጸድቀው እስከ ጁላይ 1 ነውና የወላጅ ድምፅ መሰማት ያለበት በጸደይ ነው። ከጸደቀ በኋላ የሚጮኽ ሰው አንጀቱን ብቻ ነው የሚያሳርረው።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። የእኛ ወላጅ ቤት መልቀቁን ወይም ትምህርት ቤት መቀየሩን ለልጁ የሚነግረው ብዙ ጊዜ ካርቶን ሲታሰር ነው። «ልጅ ምን ያውቃል» እንላለን። ልጁ ግን ጓደኛውን ሳይሰናበት፣ ያስተማረችውን ሴት «አመሰግናለሁ» ሳይላት ይሄዳል፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ሲደርስ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል፣ እኛም «ተለወጠብኝ» እንላለን። ወላጆችን ምከሪያቸው፤ ልጁ ቢያንስ ከወር በፊት ይወቅ፣ አዲሱን ግቢ በእግሩ ይርገጠው፣ የሚሳፈርበትን አውቶቡስ አንድ ቀን ከወላጁ ጋር ይሞክረው። ትምህርት ቤቱን ደግሞ ጠይቂ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሄዱት ልጆች የሚሰናበቱበት አንድ ሰዓት ይኑር። የጽዳት ሠራተኛውና ምሳ የምታድለው ሴት አይረሱ። ልጆች ከርእሰ መምህሩ ይልቅ የሚናፍቁት ብዙ ጊዜ እነሱን ነው።

ሌላው የእኛ ስሕተት ከአገር ቤት ልማድ የመጣ ነው። አገር ቤት በወላጆች ቀን ካርድ ይሰጣል፣ ደረጃ ይነበባል፣ «ተዛውሯል» ከተባለ ነገሩ አለቀ። እዚህ አላለቀም። ኦክላንድ ውስጥ ወደ ስድስተኛና ወደ ዘጠነኛ ለሚያልፍ ልጅ ማመልከቻ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከዲሴምበር ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ ነው። ያለፈበት ወላጅ የሚያገኘው የተረፈውን ቦታ ነው። ሳን ሆዜ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በአልም ሮክ፣ በኤቨርግሪን፣ በበሪዬሳ ወይም በፍራንክሊን መኪንሊ ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ ሃይስኩል ሲገባ ሌላ ዲስትሪክት ውስጥ፣ ኢስት ሳይድ ዩኒየን ውስጥ ነው የሚገባው። ሰባት የታችኛው ደረጃ ዲስትሪክቶች ልጆቻቸውን ወደዚያ አንድ ዲስትሪክት ይልካሉ። ቢሮው ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ ሌላ፣ መልእክት የሚመጣበት አፕም እንደ አዲስ መመዝገብ ሊፈልግ ይችላል። ወላጁ «ያው ሳን ሆዜ ነው» ብሎ ይተኛል፤ የልጁ ወረቀት በሁለት ቢሮ መካከል ይጠፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት አንድ ፖስታ ያዘጋጅ። የመጨረሻው የውጤት ካርድ፣ እንግሊዝኛ ገና የሚማር ከሆነ የቋንቋ ፈተናው የኤልፓክ ውጤቱ፣ የክትባት ወረቀቱ ይግቡበት። ሰባተኛ ክፍል ለመግባት ቲዳፕ የሚባለው ክትባት በካሊፎርኒያ ግዴታ ነው፤ በኦገስት ክሊኒኩ ስለሚጨናነቅ በሰኔ ይጨርሱት። ልጁ በልዩ ድጋፍ የሚማር ከሆነ የአይኢፒ ሰነዱ ዋናው ነው። በዓመቱ መካከል ዲስትሪክት ቢቀይር አዲሱ ዲስትሪክት ሰነዱን እስኪመረምር ለ30 ቀን ያህል ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለበት። ይህን ሰነድ የእኛ ሰው በሐፍረት ይደብቀዋል። «ልጄ ምንም የለበትም» ብሎ አዲስ ትምህርት ቤት ያስገባዋል፤ ልጁም ያለ ድጋፍ ይሰምጣል። እንዲህ ላለው ወላጅ በስብሰባ ሳይሆን ለብቻው፣ ቡና ላይ ንገሪው። የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ቤተሰብም አዲስ ከተማ ገብቶ ልጁን ለማስመዝገብ ይፈራል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በዚህ ሳቢያ ልጅን ከሕዝብ ትምህርት ቤት መከልከል እንደማይቻል መፍረዱን ንገሪያቸው።

አስተርጓሚ ስትጠይቂ አትፈሪ። ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ መንገር የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ግን አማርኛ ተናጋሪው ከስፓኒሽና ከቬትናምኛ ተናጋሪው ያንሳልና ካልጠየቁ አይመጣም። ከቀኑ አስቀድመሽ አስመዝግቢ። ልጁ ለወላጁ እንዲያስተረጉም ግን አትፍቀጂ። ስለ ራሱ ውጤት የሚያስተረጉም ልጅ ያለውን ሁሉ አይናገርም፤ እኔም ብሆን አልናገርም ነበር። እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች 21 እና ከዚያ በላይ በሆኑበት ትምህርት ቤት ኢላክ የሚባል የወላጆች ኮሚቴ መኖር አለበት። ከሌለ ጠይቂ፣ ካለ ግቢበት።

አሁን ክረምቱ ራሱ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ልጅ ነው፤ ማንም የማይሰጋለት እሱ ነውና። ተቀባይነት አግኝቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ተጨብጭቦለታል፣ አባቱ ኡበር ውስጥ ለተሳፋሪው ሁሉ አውርቶለታል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ይዘጋል፤ የትምህርት ቤቱ አማካሪም ለዕረፍት ትሄዳለች። ኮሌጁ ግን ኢሜይል መላኩን አያቆምም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) ኮሌጆች የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት እስከ ጁላይ 1 ይፈልጋሉ። ፋፍሳ ለሚባለው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ማጣሪያ ሰነድ ይጠየቃል፣ የመኝታ ቤት ቀብድ ይመጣል፣ የኦረንቴሽን ምዝገባ ይደርሳል። አንዱን ያላየ ልጅ ቦታውን ያጣል፤ ሐፍረት ይዞትም ለቤተሰቡ ሳይናገር ሥራ ይገባል። እንዲህ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ፤ አንዳቸውም ሰነፍ አልነበሩም። ካስልማንና ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 ስለዚሁ መጽሐፍ ጽፈዋል። እንደ አካባቢው ቢለያይም፣ ኮሌጅ ሊገቡ ከወሰኑ 100 ልጆች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት በመጸው አይገኙም፤ ጉዳቱ የሚበረታውም ገንዘብ ባጠራቸው ቤተሰቦች ላይ ነው። በአንዳንድ ከተሞች በክረምቱ የተላከ የስልክ መልእክት ብቻ ኮሌጅ የሚገቡትን ልጆች ቁጥር ከፍ አድርጎታል። ስልክ ደግሞ ሁላችንም አለን።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተመራቂ አንድ ሰው መድቢ። በላኒ ኮሌጅ፣ በሳን ሆዜ ስቴት ወይም በደ አንዛ ኮሌጅ ያለፈ ወጣት ቢሆን ይመረጣል፤ ፎርሙን ራሱ ሞልቶታልና። ሥራው ቀላል ነው፤ በጁን፣ በጁላይና በኦገስት መደወል፣ «ኢሜይልህን አብረን እንክፈት» ማለት። «ሰላም ነህ? ሁሉ ደኅና ነው?» ብቻ ብሎ አይዝጋ፤ የእኛ ልጅ ለሽማግሌ ሁሌም «ደኅና» ነው የሚለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሁሉን ብቻሽን አትሸከሚ። ቅዳሴ ሲወጣ፣ ጁምዓ ሲያበቃ፣ የኮሚኒቲው ስብሰባ ላይ ተነሺና ጠይቂ፤ ሁለት ልጅ እይዛለሁ የሚል ሰው አታጪም።

ኦገስት አጋማሽ ሳይደርስ ትምህርት ይከፈታል። የመጀመሪያው ሳምንት ያሳስታል፤ ቦርሳው አዲስ፣ ፊቱ ሁሉ ብሩህ ነው። ችግሩ የሚታየው ወር ሲሞላ ነው። መልካም አጋጣሚ ሆኖ በዚያን ጊዜ እንቁጣጣሽ ይመጣል። በዓሉ ላይ ለልጆቹ አንድ ጠረጴዛ አዘጋጂ፤ ትምህርት ቤት የቀየሩት ሁሉ ይምጡ፣ የመደብሽላቸውም ሰዎች ይምጡ። ስለ ውጤት አትጀምሪ። ምሳ ከማን ጋር እንደሚበሉ ጠይቂ። ብቻውን የሚበላውን ልጅ ስሙን ያዢ።

ዘጠነኛ ክፍል የገቡትን ለይተሽ ተከታተያቸው። በ2005 በቺካጎ የወጣ ጥናት፣ በዘጠነኛ ክፍል መንገዱን ያልሳተ ተማሪ ከሳተው ይልቅ በጊዜው የመመረቅ ዕድሉ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። እዚህም ሌላ ወጥመድ አለ፤ በአልጀብራ ዲ ያገኘ ልጅ ኮርሱን አልፏል ሊባል ይችላል፣ ለዩሲና ለካል ስቴት ማመልከቻ ግን ሲ እና ከዚያ በላይ ካልሆነ አይቆጠርለትም። ወላጁ ይህን የሚሰማው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ከሆነ ረፍዷል። በኦክቶበር የሚወጣው የመጀመሪያው ውጤት ሲደርስ እንደ ገና ጠይቂ። በለቅሶው ቀን ቆጠራ ብንሄድ፣ ይህ የልጁ አርባ ነው።

ስለሚቀሩትም አስቢ። ጓደኛው የሄደበት ልጅ ሳይዛወር ለውጥ ደርሶበታል። ስድስት ዓመት ያስተማረቻቸው ልጆች የወጡባት መምህርትም እንዲሁ። አዲስ ርእሰ መምህር ሲመጣ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ሆነሽ በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራ ይዘሽ ግቢ፤ አቤቱታው ሁለተኛ ስብሰባ ላይ ይደርሳል። በቀጥታ ከአገር ቤት ለሚመጡ ልጆች ደግሞ በሁሉም ወር በር ይከፈታል፤ ዓመቱ መጨረሻ ላይ የመጣ ልጅ ሳይተዋወቅ ትምህርት ይዘጋበታል። ኦክላንድ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ አዲስ መጪዎች በ2007 የተከፈተው ኦክላንድ ኢንተርናሽናል ሃይስኩል አለ። በአንቺ ሰፈር ማን እንደሚቀበላቸው አስቀድመሽ እወቂ፤ ሲመጡ መጠየቅ አይሁንብሽ።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ራስሽ ነው። አንድ ቀን ልጅሽ ከዚያ ትምህርት ቤት ይወጣል፣ አንቺም ትወጫለሽ። ማኅበሮቻችን የሚፈርሱት መሪው ሲሄድ ሁሉም ነገር በእሱ ስልክ ውስጥ አብሮት ስለሚሄድ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ደብተር ያዢ፤ በየትኛው ወር ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው ቢሮ ማንን እንደሚመለከት፣ አስተርጓሚ እንዴት እንደሚጠየቅ ጻፊ። የቤተሰቦችን ምሥጢር ግን አትጻፊበት። በጸደይ ተተኪሽን ፈልጊ፣ ለርእሰ መምህሩ አስተዋውቂያት፣ አንድ ስብሰባ እሷ ትምራ፣ አንቺ ከኋላ ተቀመጪ። ከዚያ በኋላ ስትጠራሽ ሂጂ፤ ሳትጠራሽ ግን አትግቢባት። ሌላውን ሰው ስንብት እያስተማሩ ወንበርን አለመልቀቅ አያምርም።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ የያዝሽው ይያዝልሽ፣ የጀመርሽው ይፈጸምልሽ። በጁን ደውይልኝ፤ ኦክላንድ ውስጥ ሁለት ተመራቂ ልጆች እኔም እንድይዝ ስሜን ጻፊ።